የክቡር ጣሳ ስፍር

ውሃ የማያገኝ ሰፈር አለ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈርም ሞልቷል፤ የሰውን ዶሮ ከባለቤቱ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ እጃችሁን ይጨብጥ እንጂ ዓይኑ ከአጥራችሁ ወዲያ ነው። ስለ ጤናችሁ ለወጉ ያህል ይጠይቅና መልሱን ሳትጨርሱ «ለመሆኑ ምን እየሰጣችኋቸው ነው?» ይላል። ፉርሽካ ካላችሁ በቆሎ መሆን ነበረበት። በቆሎ ካላችሁ በዚህ ወር በቆሎ ጉዳት ነው። ባለፈው አንተ ያልከንን ነው የምንሰጣቸው ብትሉት እንኳ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራችኋል።

በዚህኛው ሰፈር ያን ሹመት የያዙት አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግምጃ ቤት የሠሩ፣ ያለ ፊርማ አንዲት ምስማር ከእጃቸው ወጥታ የማታውቅ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የሚቆጣጠሩት ዕቃ ጠፋ፤ ስለዚህ የሰፈሩን ዶሮ ይቆጣጠሩ ጀመር። ፊት ለፊት ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ዞር ሲሉ ስማቸው «ክቡር ጣሳ» ነው። ጣሳዋ የቲማቲም ድልህ የነበረባት፣ ከንፈሯ የተጣመመ፣ ዝገት የጀማመራት ናት። ውስጧ በምስማር የተጫሩ ሦስት መስመሮች አሏት፤ የላይኛው የብርድ፣ የታችኛው የሙቀት፣ የመካከለኛው ደግሞ ዝናቡም ፀሐዩም ላልለየለት ጊዜ። ሌላው ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ይወጣል፤ ክቡር ጣሳ ጣሳቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ትምህርታቸው ረጅም አይደለም። «ዶሮ ቀን መቁጠሪያ የላትም፤ ሆዷ ግን ወቅት ያውቃል» ይላሉ። በብርድ ጊዜ ዶሮ የምትበላው ለእንቁላሏ ብቻ ሳይሆን ራሷንም ለማሞቅ ስለሆነ ጨምሩ፤ በቆሎውንም ወደ ማታ አድርጉት፣ ቆጥ ላይ ሲያሞቃት ያድራል። ሙቀት ሲገባ ደግሞ ቀንሱ፤ ማለዳና አመሻሽ ላይ ብቻ ስጡ፣ ውሃውን አብዙ፤ ቀትር ላይ ጠግባ የበላች ዶሮ ከውጭም ከውስጥም ትቃጠላለች። ከዚያ ጣሳዋን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «ሁሉም በስፍር ነው» ብለው ይዘጋሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርቱ ስህተት የለበትም። ሰውን ያስመረረው አሰጣጡ ነው።

ለምሳሌ የመንገዱ ጥግ ላይ ያለችውን ባለ ሱቅ እንውሰድ። ከሱቋ ጀርባ ሁለት ዶሮዎች አሏት። «ጋሼ፣ ዘይት ልቅዳልዎት?» ስትላቸው እሳቸው መደርደሪያውን አልፈው ገብተው፣ አንዷን ዶሮ ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ከጉሮሮዋ ሥር ያለችውን የጥሬ ከረጢት በሁለት ጣታቸው እየዳሰሱ ነው። ደንበኛው ተሰልፎ ይጠብቃል። «ይህቺ ልጅ እራት ሳትበላ ልትተኛ ነው» ብለው ለተሰለፈው ሁሉ ያስታውቃሉ። «አመሻሽ ላይ ይሄ ቦታ ሙሉ መሆን አለበት፤ ጠዋት ደግሞ ባዶ። ጠዋት ሙሉ ከሆነ ዶሮዋ ታማለች። ማታ ባዶ ከሆነ የታመምሽው አንቺ ነሽ።» ባለ ሱቋ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲመጡ የመደርደሪያውን መግቢያ በለስላሳ ሣጥን መዝጋት ለመደች።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አለ። በአንድ የበጋ ቀትር ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ሳለ ጓሮው ውስጥ ኮሽታ ሰማ፤ ሌባ ነው ብሎ በውስጥ ሱሪው ወጣ። ክቡር ጣሳ የመኖውን ገንዳ አቅፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዶሮዎችህን ከምሳ እያዳንኳቸው ነው።»

አንድ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገቡ። ነፍስ ይማር ብለው ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ዶሮዎቹን ማን እየመገበ ነው?» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው በሳቸው ፈንታ አፈረ። ሐዘንተኛዋ ግን ቀና አለችና «ውይ፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አላያቸውም» አለች። ክቡር ጣሳ ማልቀሱን ለሚችሉበት ትተው ወደ ጓሮ ዞሩ። ሰፈሩ በዚህ ነገር ለወራት ስቋል፤ ዶሮዎቹ ግን አልሳቁም።

እንዲህ ያለ ሰው ለጎረቤት መሳቂያ ነው። አባት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድያ ልጃቸው የተመለሰችው ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ በአንድ ሻንጣ ነው። ስንት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልወለድሽም ተባለች፤ ባልየው ከሌላ ወለደ፤ አማቷ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ልብሷን በማጠፍ አገዘቻት። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ብዙ ቤት የሚታወቅ ስለሆነ ማስረዘም አያስፈልገውም። ክቡር ጣሳ በሩን ከፍተው ልጃቸውን አዩ፣ ሻንጣውን አዩ፣ ከሰማይ የሚወርደውን አዩ። እናቷ በሕይወት ብትኖር አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር። እሳቸው «በላሽ?» አሉ።

«በልቻለሁ» አለች። አልበላችም ነበር።

የድሮ ክፍሏ የመኖ ማከማቻ ሆኖ ቆይቷል። አባቷ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ወደ ራሳቸው መኝታ ቤት አዛወሩላት፤ የፉርሽካው ሽታ ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። ጣራው ጥግ ላይ ያፈሳል። እሷም አልጋው ላይ ተቀምጣ ጠብታው ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ትሰማለች። አባቷ አንድ ቀን ገብተው ምን አደረጉሽ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ገብተው ስለ ዘንድሮ በቆሎ እርጥበት፣ ቀዮ ስለምትባለው ትልቋ ዶሮ አመል፣ ከአጥር ማዶ ስላለው ሹፌር ድንቁርና ነገሯት። ሲወጡ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ለየዶሮው ወሬ የማያጣ ሰው ለእኔ አንድ ቃል ቸገረው ብላ አዘነችባቸው።

እህል አልወርድ አላት። ርቧት እንኳ የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ክቡር ጣሳ በበኩላቸው ምግብ የሚያበስሉት እንደ ግምጃ ቤት ሰው ነው፤ ሩዙ በስፍር፣ ምስሩ በስፍር፣ ካሮቱ ደግሞ በቀጭን በቀጭኑ ክብ ክብ ተደርጎ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ። ሳህኗን ክፍሏ ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና አመሻሽ ላይ ጣሳቸውን ይዘው ሱቁ ደጃፍ ለማስተማር ይወጣሉ። ሳህኑን እንዳለ ብትመልሰው ስፍር ሊያስተምሯት ነው፤ ለዚያ ደግሞ አቅሙም ትዕግሥቱም የላትም። ስለዚህ እሳቸው ከወጡ በኋላ የጓሮውን በር ከፍታ ምግቡን ዶሮዎቹ ገንዳ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ሳህኑን አጥባ ትደፋዋለች።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። እነዚህ ግን ከዚያ ወዲህ ጥሬ ማለማቸውን ተዉ። የጓሮው በር ሲንሲያጠጥ ከያሉበት ክንፋቸውን ዘርግተው እየሮጡ እግሯ ሥር ይሰበሰባሉ።

ክቡር ጣሳ ባዶውን ሳህን አዩ። በነጋታው ሳህኑ ከበድ አለ። ያም ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ቀን ድንች ተጨመረበት። ልጄ እየበላች ነው ብለው ደስ ባላቸው ቁጥር ሳህኑ ይሞላል፤ ሳህኑ በሞላ ቁጥር ዶሮዎቹ ይወፍራሉ፤ ልጅቷ ደግሞ ቀሚሷ በላይዋ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ወፍራም ሹራብ ስለምትለብስ አላዩም። ወይም ሹራቡ ስላለ ማየት አልፈለጉ ይሆናል።

ክረምቱ ሲጠና ጉድ ፈላ። ማለዳ ጣሳዋን በሕጋቸው መሠረት እስከ ላይኛው መስመር ሞልተው ሲያፈሱ ዶሮዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አደረጉና ዞር አሉ። ክቡር ጣሳ ቀዮን አንስተው ከጉሮሮዋ ሥር ዳሰሱ። በጠዋት ሙሉ ነው። የሌሎቹም ሙሉ ነው። ዝናቡ ኮፍያቸው ላይ እየወረደ ዶሮዋን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ፉርሽካውን ለወጡ፤ ገንዳውን አዛወሩ፤ አይጥ እየመጣ ይበጠብጣቸው ይሆናል ብለው ወጥመድ አጠመዱ፤ ወጥመዱ የገዛ ጫማቸውን አፍንጫ ያዘ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ዶሮዎች ክረምት መግባቱን አልሰሙም እንዴ?» አለ ሹፌሩ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ።

«የዘንድሮ ብርድ ሌላ ነው» አሉ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ከግምጃ ቤታቸው አውጥተው የሰጡት ሰው በሰፈሩ የለም።

ከዚያ ደግሞ እንቁላሉ ቆመ። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ደጃፋቸው ድረስ መጣ። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ያልደረቀ ልብስ እየተኮሰች ስለነበር ሁሉንም ሰማች።

«እኔ በበኩሌ እንቁላል ያቆመች ዶሮ አልቀልብም» አለ ሹፌሩ። «ምን ታደርግልኛለች? መፍትሔዋ ቢላዋ ነው።»

ካውያው በእጇ ላይ ቆመ። የአባቷ ድምፅ ከሚያስፈልገው በላይ ጎላ ብሎ መጣ።

«ስማኝ። እንቁላል አቆመች ተብሎ ቀለብ አይቆረጥባትም። ላባዋን የምትጥልበት ጊዜ ይሆናል፤ ብርዱ ከብዷት ይሆናል። እንዲያውም ያኔ ነው ደህና ደህናው የሚሰጣት። እየያዝክ አታገላብጣትም፤ አዲሱ ላባ ሲበቅል ሲነኳት ያማታል። ትተዋታለህ፣ ምግቧን ታቀርብላታለህ፣ ትጠብቃታለህ። የምትፈልገው እንቁላሏን ብቻ ከሆነ ዶሮ አታርባ፤ ሂድና ከሱቅ ግዛ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ስለ ዶሮ እኮ ነው ያወራሁት።»

«እኔም ስለ ዶሮ ነው።»

ልጅቷ መስኮቱን ዘጋችው። ለዶሮ እንዲህ የሚሟገት አባት አንድ ቀን መጥቶ አማቴ ፊት ቢቆምልኝ ምን ነበረበት ብላ ሆድ ባሳት፤ ያን ቀን ማታ ሳህኑን ከመቼውም ይልቅ በችኮላ ገለበጠችው።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ማለዳ ቀዮ ከቆጧ ሥር ወድቃ፣ እግሯን ዘርግታ ተገኘች። ወሬው ወዲያው ተሰማ፤ ምክንያቱም ዶሮ ሳይታመም ድንገት ከሞተ ሰው ሁሉ የሚፈራው ፈንግልን ነው፤ ፈንግል ከገባ ደግሞ የአንድ ቤት ዶሮ ብቻ ጨርሶ አይሄድም። ባለ ሱቋ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። ሹፌሩ መጣ። ከላይ ሰፈር ጭምር ሰዎች መጡ። ሳይከፈት የሞተ ዶሮ አይቀበርም ብለው ያስተማሩት ራሳቸው ክቡር ጣሳ ስለሆኑ፣ ከጣራው ጠፈፍ ሥር የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስተኟት። ቢላዋውን ማን እንዳመጣ መናገር አያስፈልግም።

ሆዷ ሲከፈት ቢጫ ጮማ ገነፈለ። ጉበቷ ገርጥቶ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

«ፈንግል አይደለም» አሉ ክቡር ጣሳ። «ጮማ ነው የገደላት። ዶሮዎቻችሁ ደህና ናቸው፤ ግቡ።»

ሰዉ በረጅሙ ተነፈሰ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሹፌሩ ግን «ቆይ እንጂ ጋሼ፣ ጮማው ከየት መጣ? አልበላ አሉኝ ሲሉን አልነበር?» አለ። ክቡር ጣሳ ለዶሮ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ የሚገቡ ሰው አይደሉም። ቢላዋውን እንደገና አነሡና የጥሬ ከረጢቷን ሰነጠቁት።

ሩዝ ወጣ። ምስር ወጣ። ከዚያ በቀጭኑ ክብ ክብ የተከተፈ ካሮት ወጣ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ።

ልጅቷ የጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ አንዷን የካሮት ክብ በጣታቸው ጫፍ አንስተው ሲያዩዋት አየች። ትናንት ማታ የከተፏት ናት፤ የእጃቸውን ሥራ ያውቁታል። የበሩን መቃን ያዘች። አሁን ዞር ይሉና በሰው ሁሉ ፊት ያዩኛል ብላ ጠበቀች።

«ይሄ ሩዝ አይደል እንዴ?» አለች ባለ ሱቋ። «ማነው ለዶሮ የበሰለ ሩዝ የሚሰጠው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ክቡር ጣሳ።

«ለብርዱ ይሆናቸዋል ብዬ የበሰለ ጨመርኩላቸው። ስፍሩን አበላሸሁት።» ካሮቷን ወደ ሣጥኑ መለሷት። «ተሳስቻለሁ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ልጅቷ ያኔ አላስተዋለችውም እንጂ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አባቷ አንዴም ወደ በሩ አላዩም።

የሹፌሩን ሳቅ ዝናቡ እንኳ አልሸፈነውም። «የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ በስፍር ሲሉ ከርመው የራሳቸውን በሩዝ ገደሏት» የሚለው ወሬ እስከ ምሽት ያልደረሰበት ቤት የለም። ክቡር ጣሳ ከሥልጣን የወረዱት በዚያች ቀን ነው። ባለ ሱቋ «ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እንደመሰለኝ እየሰጠኋቸው ነው» አለቻቸው፤ በክፋት አይደለም፣ እንዲያውም በርኅራኄ ነው የተናገረችው፤ ያ ደግሞ ባሰ። ሱቁ ደጃፍ መሄዳቸውን ተዉ። አመሻሽ ላይ ጣሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እቤት ይቀመጣሉ፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናቡም አላባራም።

ልጅቷ ቁጣውን ጠበቀች። ቁጣውም ተግሣጹም አልመጣም። ሳህኑ ብቻ ቀነሰ፤ ከድሮው ግማሽ ያህል ሆነ። እሱንም መጨረስ አልቻለችም፤ ለዶሮዎቹ መገልበጡንም ፈራች። አንድ አመሻሽ አባቷ ጣሳቸውን ይዘው ክፍሏ በር ላይ ቆሙ። የሚያዩት ባልዲውን ነው።

«ልጄ፣ ስፍሩን ላስተካክል ነው» አሉ። «የሚተርፍሽን ለነሱ መስጠቱን አትተዪ። ግን አስቀድመሽ አሳዪኝ። በዚያ ልክ ከነሱ ቀለብ ላይ እቀንሳለሁ። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

«አባዬ፣ ልዋሽህ ብዬ አይደለም። አልወርድ ብሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ሱቅ ሄጄ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው እላቸዋለሁ። ባላደረግከው ይስቁብሃል እኮ።»

«አትነግሪያቸውም» አሉ። ድምፃቸው አልጎላም። «በኔ ይሳቁ። በኔ ስቀው ይጠግባሉ። ባንቺ ከጀመሩ አይጠግቡም።»

ያኔ አለቀሰች፤ ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ክቡር ጣሳ እጃቸውን ወደ ትከሻዋ አነሡ፤ ሳይደርስ መለሱት፤ ጣሳዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እየያዝክ አታገላብጣትም፣ ሲነኳት ያማታል ያሉት በጆሮዋ መጣባት። ለሹፌሩ ያን ሁሉ ሲናገሩ ስለ ማን እንደሚናገሩ ገባት፤ መስኮቱን መዝጋቷ ቆጫት፤ ይህን ሰው ስንት ወር ሙሉ እንደታዘበችው ስታስበው አፈረች፤ ወደደቻቸውም። ይህን ግን አልነገረቻቸውም። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አመሻሽ ላይ አንድ ሥርዓት ሆነ። የተረፋትን ይዛ ትመጣለች፤ አባቷ ጣሳዋ ውስጥ ገልብጠው ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው ያያሉ፤ «ከመካከለኛው መስመር በላይ ነው» ይላሉ፤ ያን ያህል ከዶሮዎቹ ይቀነሳል። ፊታቸው የመንግሥት ንብረት እንደሚረከብ ሰው ኮስተር ያለ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሳታስበው ፈገግ አለች። ጥሩ ቀን አለ፤ መጥፎ ቀን ይበዛል። ያ ከሌላ የተወለደው ልጅ ቆሞ መሄድ ጀመረ የሚል ወሬ በደረሳት ዕለት ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ። ክቡር ጣሳ አዩትና «ዛሬ ዶሮዎቹ ሠርጋቸው ነው» ብቻ አሉ። ለዶሮዎቹ ከዚያ ሌላ አንዲት ጥሬ አልሰጧቸውም።

ስለዚህ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት የክቡር ጣሳ ዶሮዎች ከጣሳው የሚሰፈርላቸው ከታችኛው መስመር በታች ነበር። ሹፌሩ ይህን ከአጥሩ በላይ ሲያይ ዓለም ሞላለት።

«በብርድ ቀንሱ ሆነ እንግዲህ ጋሼ? ሕጉ ተሻሻለ?»

«ተሻሻለ» አሉ፤ ቀጠሉ።

እንዲህ ያለ ሰው በናንተም ሰፈር አለ። ሳቁበት፤ እሱም ለምዶታል። ብቻ የሆነ ጊዜ ላይ ስፍሩ የተዛባበት ከመሰላችሁ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቁ።

ዝናቡ ቆመ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ቆርቆሮው በቀትር ይንጣጣ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሹፌሩም ጭምር፣ ሳይነገረው የዶሮዎቹን መኖ ቀነሰ፤ ትምህርቱ መምህሩን ጥሎ ዘልቋል ማለት ነው። አንድ አመሻሽ ሹፌሩ አጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆሞ ሳለ ክቡር ጣሳ ከረጢቱን ከፍተው ጣሳዋን ነከሩ። ቀዮ ከሞተች ወዲህ ከታችኛው መስመር ደርሳ የማታውቀው ጣሳ እየሞላች መጣች።

«ጋሼ፣ ሙቀት ሲገባ ቀንሱ አላሉም? ክረምት ቀንሰው በበጋ ሊጨምሩ ነው?»

«በዚህ ቤት ወቅቱ ዘግይቶ ነው የሚገባው» አሉ።

የጓሮው በር ሲንሲያጠጥ ዶሮዎቹ እየተንጋጉ ሮጡ። ልጅቷ ሳህኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ አሁንም ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ሥር ያለው ጥላም አልለቀቀም።

«በላሽ?» አሉ አባቷ።

ሳህኑን አዘንብላ አሳየቻቸው። የምስር መረቅ የቀባው ጠርዝ እንጂ ሌላ የለበትም። ዶሮዎቹ ሳህኑን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ቅር እያላቸው ወደ ጣሳው ዞሩ። ክቡር ጣሳ ጣሳዋን እስከ ታችኛው መስመር ሞሉና እንደ ሁልጊዜው በመዳፋቸው አስተካከሉ። ዝቅ ብለው መስመሯን አዩ። አንዴ ቀና ብለው ሳህኑን አዩ። ከዚያ ከከረጢቱ አንድ ጭብጥ በቆሎ ዘግነው በላዩ ላይ ጨመሩበት።

«ጋሼ፣ ከመስመሯ አለፈ እኮ» አለ ሹፌሩ።

«አውቃለሁ» አሉ ክቡር ጣሳ።